ሞተር ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል፦ በደንዲ መንገዶች ከመሪ ላይ ስለሚነሳው እጅ

ጊንጪ፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም አልፎ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደርና ወደ ነቀምት በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ በተለይም በደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ በጊንጪ ዙሪያ፣ በአንድ እጁ ብቻ መሪ ጨብጦ የሚያሽከረክር ባለሞተር ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያነጋግራል፤ ሌላው ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን ጀሪካን ደግፎ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ነፋስ የገለጠበትን ጋቢ ይሰበስባል። በሠርግና በምረቃ ሰሞን ደግሞ ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቶ ለተመልካች ትርኢት የሚያሳይ ወጣት አይታጣም።

ይህን ልማድ የወጣትነት ድፍረት ብቻ አድርጎ መውቀስ ቀላል ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን፣ እጁ ከመሪው ላይ የሚነሳው በአብዛኛው ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ ነው። ደንበኛው ይደውልለታል፣ ጭነቱ ይንሸራተትበታል፣ የሚያውቀው ሰው ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ብርዱ ጣቱን ያደነዝዘዋል። ባለሞተሩ ያሉት ሁለት እጆች ናቸው፤ የሚጠብቀው ሥራ ግን የሦስትና የአራት እጅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ለምን አይጠነቀቅም?» የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። «እጁን ከመሪው ላይ የሚያስነሳው ማን ነው?» ተብሎም መጠየቅ ይኖርበታል።

የሚተካው የሌለ መጓጓዣ

ደንዲ ከጊንጪ ዙሪያው ሜዳ ተነስቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው የደንዲ ተራራ ድረስ የሚዘረጋ ወረዳ ነው። አውቶቡሱና ሚኒባሱ አስፋልቱን ተከትለው ያልፋሉ። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገነጠለው መንገድ ግን በአብዛኛው ጠጠር ወይም ጥርጊያ በመሆኑ፣ በዚያ ላይ በየሰዓቱ የሚመላለስ ትልቅ ተሽከርካሪ አይገኝም። ይህን ክፍተት የሞሉት ከህንድ የሚመጡት ቀላል ሞተሮች ናቸው። ቦክሰርና ቲቪኤስ የሚባሉት ሞተሮች ነዳጅ የሚቆጥቡ፣ መለዋወጫቸው በየከተማው የሚገኝ፣ በጠባብ መንገድም የሚያልፉ በመሆናቸው የገጠሩ ሕዝብ ተቀብሏቸዋል።

ዛሬ ምጥ የያዛት እናት ከጎጥ ወጥታ አምቡላንስ ወደሚደርስበት መንገድ የምትቀርበው በሞተር ነው። የእንስሳት ሐኪሙ የታመመች ላም ወዳለችበት ግቢ፣ የግብርና ባለሙያውም ወደ አርሶ አደሩ ማሳ የሚደርሱት በሞተር ነው። ቅቤው፣ ዶሮው፣ ድንቹና የእህል ናሙናው ወደ ገበያ የሚወርደውም በዚሁ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ከመረጠ ወዲህ፣ የወንጪንና የደንዲን ሐይቆች ለማየት የሚመጣ እንግዳም ከዋናው መንገድ ሲወርድ ባለሞተር ይፈልጋል።

እንግዲህ ሞተርን በመከልከል ችግሩን መፍታት የሚታሰብ አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ላይ በሞተር ታግዘው የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ምክንያት አድርጎ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ሲገድብ፣ ነዋሪው ፊቱን የሚያዞርበት አውቶቡስ፣ ታክሲና ባቡር ነበረው። የደንዲ ተራራ ሥር ነዋሪ ይህ አማራጭ የለውም። እዚህ ያለው ምርጫ ሞተሩን ከነአደጋው መተው ወይም አሽከረካከሩን ማስተካከል ነው።

ዕርፍ፣ ልጓምና መሪ

በአንድ እጅ መምራት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አራሹ በአንድ እጁ ዕርፉን ጨብጦ በሌላው ጅራፉን ያነሳል። ፈረሰኛውም በአንድ እጁ ልጓሙን ይዞ በሌላው ዘንጉን ይጨብጣል፤ በጉግስ ሜዳ ላይ ይህንኑ አሳምሮ የሚያደርግ ሰው በአገሬው ዘንድ ይወደሳል። በአንድ እጅ መሥራት የብቃት ምልክት ሆኖ ከኖረበት ቤት የወጣ ልጅ፣ ሞተር ላይ ሲወጣ ያንኑ ልማድ ይዞ ቢወጣ አያስደንቅም።

ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በሬ ድንጋይ ሲያጋጥመው ይቆማል። ፈረስም ገደል ሲያይ ይሸሻል፤ ጌታው በላዩ ላይ ቢያንቀላፋ እንኳ የቤቱን መንገድ አይስትም። አራሹና ፈረሰኛው አንድ እጃቸውን ለሌላ ሥራ ማዋል የቻሉት ከእነርሱ ጋር የሚያስብ ሌላ ፍጡር ስላለ ነው። ሞተር ዓይንም ፍርሃትም የለውም። ጉድጓድ ውስጥ ልግባ አልግባ ብሎ አያመነታም። የሚያስበው አንዱ፣ ማለትም ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ነባር ልማድ ላይ የዘመኑ ግዴታዎች ተጨምረዋል። ከሁሉም የከበደው ስልክ ነው። ሰው አመላልሶ የሚያድር ወጣት ገቢው በጥሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ደንበኛው ደውሎ ካላገኘው ወደ ሌላው ይደውላል። ስልኩን ሳያነሳ ማለፍ ማለት ለእርሱ የዕለት እንጀራውን ማለፍ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጭነት ነው፤ በገመድ ሊታሰር የሚገባው ዕቃ በችኮላ ምክንያት በእጅ ተደግፎ ይጓዛል። ሦስተኛው ብርድና ዝናብ ነው፤ በደጋው ማለዳ አንዱን እጅ ኪስ ውስጥ ከትቶ በሌላው መንዳት፣ ከዚያም እጅ ማፈራረቅ የተለመደ ነው። አራተኛው ጨዋነታችን ነው፤ ታላቅን አይቶ እጅ ሳይነሱ ማለፍ እንደ ንቀት ስለሚቆጠር፣ ባለሞተሩ ከጊንጪ እስከ ቀበሌው ድረስ ደጋግሞ እጁን ያነሳል።

ሁለቱ እጆች የሚሠሩት ሥራ

የሞተር መሪ አቅጣጫ ማስያዣ ብቻ አይደለም። በቀኝ እጅ ስር ነዳጅ መስጫውና የፊት ፍሬኑ ይገኛሉ። በግራ እጅ ስር ፍሪሲዮኑ፣ ክላክሱና ፍሬቻው ይገኛሉ። እግሮቹ ደግሞ የኋላ ፍሬኑንና ማርሹን ይይዛሉ። ስለዚህ «አንድ እጅ ብቻ ለቀቅሁ» የሚል ሰው በእርግጥ የለቀቀው ብዙ ነገር ነው።

ግራ እጁን ለስልክ የሰጠ ሰው ፍሪሲዮን መያዝ አይችልም፤ ድንገት ቢያቆም ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይጠፋበታል። ክላክስ ማድረግም ሆነ ፍሬቻ ማሳየት አይችልም። ቀኝ እጁን የለቀቀ ሰው ጉዳቱ የባሰ ነው። ነዳጅ መስጫው በራሱ ይመለሳል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የፊት ፍሬኑም ከእጁ ይወጣል። በደረቅ አስፋልት ላይ ሞተር በኃይል ሲያቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ጎማ ነው። በኋላ ፍሬን ብቻ የሚያቆም ሰው ብዙ ርቀት ይንሸራተታል።

ከዚህ የማይተናነሰው የመሪው ሚዛን ነው። ባለሞተሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ግፊቱንም በክንዶቹ በኩል ለመሪው ያስተላልፋል። ሁለት ክንድ ሲኖር ግፊቱ በግራና በቀኝ እኩል ይከፈላል። አንድ ክንድ ብቻ ሲሆን ግን መላው የሰውነት ክብደት መሪውን በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገፋው መሪው ይጠመዘዛል፤ ሞተሩም ይወድቃል። የፊት ጎማው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታም የሚሆነው ይኸው ነው።

ብዙዎችን የሚያታልለው ነገር፣ በሜዳ መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት የሚሄድ ሞተር እጅ ቢለቀቅም ለጊዜው ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው። ይህ የሚሆነው የፊት ጎማው አቀማመጥ መሪውን ወደ መሐል ስለሚመልሰው እንጂ አሽከርካሪው ስለተቆጣጠረው አይደለም። እጁን የለቀቀው ወጣት «እኔ እየነዳሁት ነው» ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ግን ሞተሩ ያለ ነጂ እየሄደ መሆኑ ነው። ነዳጅ ሳይሰጠው ፍጥነቱ እየወረደ ሲሄድም የፊት ጎማው ግራና ቀኝ መራገብ ሊጀምር ይችላል። ይህ መራገብ በሁለት እጅ ለያዘው ትንሽ ንዝረት ሲሆን፣ እጁን ለዘረጋው ግን መሪውን መልሶ እንዳይዝ የሚከለክል ነው።

ጊዜውንም እንቁጠር። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ 17 ሜትር ያህል። አደጋ አይቶ ስልኩን ከጆሮ አውርዶ መሪ ጨብጦ ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ቢጨምር፣ ሞተሩ በዚያች ሰከንድ ውስጥ የአንድ ግቢ ስፋት ያህል አልፏል። በገበያ ቀን በጊንጪ መግቢያ ላይ በግ የሚነዳ ልጅ፣ የጋሪ ፈረስ ወይም አስፋልት የምታቋርጥ እናት የሚገኙት በዚያች 11 ሜትር ውስጥ ነው።

መረሬው አፈርና የማዳበሪያው ጆንያ

የአካባቢው መሬት ራሱ ለአንድ እጅ አይመችም። የጊንጪ ዙሪያ መሬት በእርሻ ምርምር ዘንድ በጥቁር መረሬ አፈሩ የታወቀ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከጎማ ጋርም ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። አርሶ አደሩ ውኃ እንዳይተኛበት ማሳውን የሚያጠነፍፈውም ስለዚህ ነው። በዚህ አፈር ላይ የተጠረገ መንገድ በእርጥበቱ ጊዜ የከባድ መኪና ጎማ ቦይ ያወጣለታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ያ ቦይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የሞተር ጎማ አንዴ ቦዩ ውስጥ ከገባ መሪውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ መውጣት የሚቻለው ፍጥነት ቀንሶ፣ ሁለት እጅ አጥብቆ፣ በእርጋታ ነው።

በዚህ ላይ ጭነት ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። በእርሻ ወቅት ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ወደ ቀበሌ የሚጓዘው የማዳበሪያ ጆንያ 50 ኪሎ ነው። ሁለት ጆንያ ከኋላ የጫነ ሰው 100 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው፤ ይህም ከቀላል ሞተሩ ከራሱ ክብደት ብዙም አይርቅም። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ጎማ በላይ ሲያርፍ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ የቀለለ የፊት ጎማ ደግሞ መንገዱን አይጨብጥም፣ መሪውም ይዋልላል። ሁለት እጅ ከመቼውም በላይ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ እጅ ከኋላ ጆንያውን ሲደግፍ የሚታየውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። ብስክሌተኛ ቢያንስ በአንድ እጁ መሪ እንዲይዝ ያዛል፤ ባለሞተር ግን መታጠፉን በእጁ ለማመልከት ካልሆነ በቀር መሪውን በሁለቱም እጆቹ እንዲይዝ ይደነግጋል። በብስክሌትና በሞተር መካከል ይህ ልዩነት የተቀመጠው በፍጥነትና በክብደት ስለማይመሳሰሉ ነው።

በአገራችንም የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ መነጋገርን ከልክሏል፤ ባለሞተር የራስ ቆብ እንዲያደርግም ግዴታ ጥሏል። ሕጉ አለ። የጎደለው ሕጉን ከመንገዱ ኑሮ ጋር የሚያገናኘው አሠራር ነው። ትራፊክ ፖሊስ በአስፋልቱ ላይ ቢቆምም በየቀበሌው ጥርጊያ መንገድ ላይ ሊቆም አይችልም። ቅጣት ብቻውን የሚያስተምረውም፣ ፖሊስ ባለበት ስልኩን ኪስ ውስጥ መክተትን ነው።

የአንድ ሰው ውድቀት፣ የአንድ ቤት ጉዳት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ባለሞተሮች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ የመጀመሪያው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። የሞተር አሽከርካሪዎቻችን አብዛኞቹ በዚህ የዕድሜ ክልል ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

በገጠር አንድ ባለሞተር ሲወድቅ ጉዳቱ በእርሱ አይቆምም። ሞተሩ ብዙ ጊዜ የተገዛው በሬ ተሸጦ፣ የቤተሰብ ቁጠባ ተሟጦ ወይም ብድር ተወስዶ ነው። ጭንቅላቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው አምቦ ታይቶ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል፤ ለጉዞውና ለአስታማሚው የሚወጣውም ወጪ ቀላል አይደለም። እግሩ የተሰበረ ሰው በእርሻ ወቅት ከዋለ፣ የዓመቱ እህል አብሮ ይጎዳል።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነጥብ ደግሞ አለ። በአዋጅ መሠረት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠብቀው በተሽከርካሪው ምክንያት የሚጎዳውን ሌላ ሰው ነው። መሪ ለቆ ብቻውን የወደቀው አሽከርካሪ በዚህ መድን የሚካስ አይደለም። መድን ገብቻለሁ ብሎ የተዘናጋ ባለሞተር የራሱን ገላ ያለ ዋስትና ትቶታል ማለት ነው።

እጁን ነጻ የማውጣት ሥራ

ከላይ እንዳየነው እጁን ከመሪው ላይ የሚያስነሱት ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ መፍትሔውም የብዙዎች ድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ድርሻ የደዋዩ ነው። ባለሞተር የሚጠራ ደንበኛ ስልኩ እንደተነሳ «ቆመሃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ካልቆመም «ስትቆም ደውልልኝ» ብሎ ቢዘጋ፣ አንድ እጅ ወደ መሪው ይመለሳል። ይህ በተለይ መሥሪያ ቤቶችን ይመለከታል። የግብርና፣ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች በመንገድ ላይ መሆናቸው እየታወቀ ሪፖርት በስልክ የሚጠይቅ ኃላፊ ለአደጋው ድርሻ አለው። ኤርፎን እጅን ነጻ ቢያወጣም አሳብን ግን አያወጣም፤ ጆሮንም ከመንገዱ ድምፅ ስለሚለይ የተሟላ መፍትሔ አይሆንም።

ሁለተኛው ድርሻ የጫኚውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። በጥብቅ ሊታሰር የማይችል ዕቃ በሞተር አይጫን። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ወቅት የአንድ ጎጥ አባላት ተሰባስበው በጋሪ ወይም በመኪና ቢያስጭኑ፣ ወጪውን ለተከፋፈሉት ሸክሙም አደጋውም ይቀንሳል። በሞተር መጫን ግድ ከሆነም ጆንያው አንድ ብቻ፣ ዝቅ ብሎና ወደ ተቀማጩ ተጠግቶ በጎማ ገመድ ይጠፈር። እጅ ገመድ አይደለም።

ሦስተኛው ድርሻ የባለሞተሮች ማኅበራት ነው። ጥሪን በተራ የሚቀበልና ለቆመው አባል የሚያስተላልፍ አንድ ሰው ቢመደብ፣ እየነዱ ስልክ የማንሳት ፉክክር ይቀራል። በሩዋንዳ ሰው የሚያመላልሱ ባለሞተሮች ቁጥር ያለው ሰደርያ ለብሰው፣ ለተሳፋሪውም ሁለተኛ ሄልሜት ይዘው ይሠራሉ፤ ይህን እዚህ ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ተረጋግጧል። ማኅበራቱ ጓንት የመልበስን ልማድ ቢያስፋፉም የደጋው ብርድ እጅን ወደ ኪስ አይጠራም።

አራተኛው ድርሻ የሁላችንም ነው። ሰላምታ በእጅ ብቻ አይሰጥም፤ አንገትን ዝቅ ማድረግ በባህላችን ሙሉ አክብሮት ነው። ከመንገድ ዳር ያለውም ሰው ባለሞተሩ እጁን ስላላነሳ አይቀየም። በሠርግና በምረቃ ቀንም ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚያልፈውን ልጅ ትርኢተኛ ያደረገው የተመልካቹ ጭብጨባ ነው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ ድፍረቱ ያለ አድናቂ አይቆምም። ጭብጨባው ሲቀር ትርኢቱም ይቀራል።

የመንገድ ጥገናና የትራፊክ ቁጥጥር የመንግሥት ግዴታዎች ሆነው ይቀጥላሉ፤ የቀበሌው ጥርጊያ መንገድ በጠጠር ሲለብስ መሪው ያርፋል። እስከዚያው ግን ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገር በእያንዳንዱ ባለሞተር እጅ ይገኛል። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ስልኩ የት እንዳለ፣ ጭነቱ በምን እንደታሰረ፣ ጋቢው ወይም የዝናብ ልብሱ መቆለፉን ይመልከት። ከእነዚህ አንዱ መንገድ ላይ እጁን የሚጠራው ከሆነ ገና አልተዘጋጀም፤ አንድ ደቂቃ ቆሞ ያስተካክለው። ስልኩ መንገድ ላይ ቢጠራም ዳር ይዞ ቆሞ ያነሳዋል። በዚህ የሚያጣው አንድ ደንበኛ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛ ግን በማግስቱ ተመልሶ ይገኛል።